ሥዕልን ማጥራትና ጥፋትን ማጥፋት

አንድ ሰው የሠራውን ዕቃ ሌላ ሰው ከፍቶ ቢለውጠው፣ ከዚያ በኋላ ስለ ዕቃው ጠባይ ተጠያቂው ማነው? የመጀመሪያው ሠሪ ነውን? የለወጠው ነውን? ወይስ ገንዘቡን ከፍሎ የሚገለገልበት? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የሕግ ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። በመሠረቱ ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው፤ የሰው ልጅ ከቀደሙት የተረከበውን ቤት፣ ሕግ፣ ቋንቋና መሣሪያ ሁሉ እየከፈተ የሚለውጥ ፍጡር ነውና። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመመርመር የግድ ወደ ትልቅ አደባባይ መውጣት አያስፈልግም። አንዲት ጠባብ የጨዋታ ቤት፣ አንድ ያረጀ ቴሌቪዥንና አንድ ሆዱ የተከፈተ የቪዲዮ መጫወቻ ይበቃሉ።

አቦምሳ በአርሲ የመርቲ ወረዳ ከተማ ናት። ምድሯ ከአርሲ ደጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ ቆላ ይወርዳል፤ የወረዳዋ ስም በቲማቲም ድልህ ጣሳ ላይ ተጽፎ በመላ አገሪቱ ይታወቃል። እንደ አቦምሳ ባለች ከተማ ሲኒማ ቤት ለመክፈት አቅም የሌለው ወጣት ሁለት ሦስት ያገለገሉ ቴሌቪዥኖችና መጫወቻዎች ገዝቶ፣ አግዳሚ ወንበር ደርድሮ፣ በየጨዋታው ሒሳብ የሚያስከፍል ቤት ሊከፍት ይችላል። በአዳማም ሆነ በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ቤት «ፕሌይስቴሽን ቤት» ይለዋል። ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ልጅ ሳንቲሙን ይዞ ይገባል፤ ጆይስቲኩን ጨብጦ የሩቅ አገር የእግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝም ተጫዋችም ይሆናል። ለባለቤቱ ይህ የዕለት እንጀራ ነው። ስለዚህ በመስኮቱ ላይ ያለው ሥዕል ሲረበሽ የሚረበሸው ሥዕሉ ብቻ አይደለም፤ ልጁ «አይታይም» ብሎ ሲነሣ የባለቤቱ ገቢ አብሮት ይነሣል።

በእንዲህ ባሉ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ዕቃ ፕሌይስቴሽን 2 የተባለው ነው። ሶኒ ይህን መጫወቻ እ.ኤ.አ. በ2000 በጃፓን ለገበያ አቀረበ፤ በዓለም ላይ ከ155 ሚሊዮን በላይ ከተሸጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ምርቱ ቆመ። ኩባንያው ዲስኩን በየክፍለ ዓለሙ ለይቶ የሸጠው በመሆኑ፣ የአንዱ አገር ዲስክ በሌላው አገር መጫወቻ ላይ አይሠራም ነበር፤ ተገልብጦ የተባዛ ዲስክም አይቀበልም ነበር። ስለዚህ በብዙ አገሮች ጠጋኞች ዕቃውን ፈትተው፣ ይህን ቁልፍ የሚያልፍ ትንሽ ቺፕ በውስጡ በየዱ። የአንዳንዶቹ ቺፖች ሽቦ ከሃያ ይበልጣል፤ እያንዳንዱም ከፀጉር እምብዛም በማይወፍር ነጥብ ላይ የሚያርፍ ነው። ዕቃው ተዘግቶ ሲታይ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ውስጡ ግን ሁለት ሠሪዎች አሉት።

የሥዕል መረበሽ አንድ ስም ይኑረው እንጂ አንድ በሽታ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ በሥዕሉ ላይ አግድም ዘመም ያሉ ቀጫጭን ክሮች ይርመሰመሳሉ፤ ይህ በጣም ፈጣን የሆነ የኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ሥዕሉ መግባቱን ያመለክታል፤ ምንጩም ርካሽ የኃይል መስጫ፣ ወይም በቺፑ ዙሪያ ያለ ልክ ረዝሞ የቀረ ሽቦ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ወፍራም ጥላ ከታች ወደ ላይ ወይም ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይሄዳል። በኢትዮጵያ የመብራት ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ በሚሣለው መስኮት ላይ ጥላው ቆሞ የሚቀር ወይም የሚያዘግም ይመስላል፤ በሴኮንድ 60 ጊዜ በሚሣል ዲስክ ላይ ግን ይሮጣል። ጥላው አንድ ከሆነ የመብራቱ ሞገድ ራሱ በቀጥታ ገብቷል ማለት ነው፤ ሁለት ከሆነ ኃይሉን የሚያጣራው ካፓሲተር ደርቆ ሥራውን መሥራት አቁሞ ይሆናል። ቢጫውን ገመድ ሲነኩት ሥዕሉ የሚቆራረጥ እንደሆነ ደግሞ የዛገ መሰኪያ ወይም የተሰነጠቀ ብየዳ አለ።

ከቶም ጥፋት ያልሆነ መረበሽም አለ። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆኖ ቢወጣ ማንም አልታመመም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራውን ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ቀለም ሲሸጋገር የተከተለው ፓል የተባለውን፣ ሥዕሉን በ625 መስመር የሚከፍለውን ሥርዓት ነው። የአሜሪካና የጃፓን ዲስክ ግን በ525 መስመር፣ ኤንቲኤስሲ በተባለው ሥርዓት ይናገራል። የቀለሙን መልእክት የሚሸከመው ሞገድ በሁለቱ ዘንድ የተለያየ ስለሆነ፣ አንዱን ብቻ የተማረ ቴሌቪዥን የሌላውን መስመር አይቶ ቀለሙን አይረዳም። ይህ በሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች መካከል የሚደርስ አለመግባባት ነው፤ የሚያስፈልገውም አስተርጓሚ እንጂ መዶሻ አይደለም። ስንት ጤነኛ ቴሌቪዥን ይሆን በዚህ ምክንያት ተበላሽቷል ተብሎ የተጣለው?

እንግዲህ የመጀመሪያው የግብረ ገብ ፈተና እዚህ ላይ ይጀምራል። ሥዕል ሲረበሽ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው መንስዔውን ሳይሆን ጥፋተኛውን ነው። ባለቤቱ መብራት ኃይልን ይወቅሳል፤ ጠጋኙ የቴሌቪዥኑን እርጅና ያነሣል፤ ቴሌቪዥኑን የሸጠው ነጋዴ ልጆቹ ገመዱን ስለሚጎትቱ ነው ይላል። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንደሚባለው፣ ዱላው የሚያርፈው ራሱን ለመከላከል በማይችለው ላይ ነው። እያንዳንዱ ወቀሳ ጥቂት እውነት ሊኖረው ይችላል፤ መብራቱ በእርግጥ ይዋዥቃል፤ ቴሌቪዥኑም በእርግጥ አርጅቷል። ነገር ግን ግማሽ እውነት ከራስ ላይ ጣትን ማንሻ ሲሆን ከሐሰት ይልቅ ይጎዳል፤ ሐሰት ሲጋለጥ ይወድቃል፣ ግማሽ እውነት ግን ምን ጊዜም ምስክር አያጣም።

በሙያው የበሰለ ጠጋኝ የሚሠራበት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል። መጫወቻውን አጥፍቶ ጥላው በቴሌቪዥኑ ላይ መቅረት አለመቅረቱን ያያል። ገመዱን ብቻ ቀይሮ ያያል። ገመዱን መልሶ የኃይል መስጫውን ይቀይራል። ከዲሽ የሚመጣውን ሽቦ ነቅሎ ያያል። አስተዋይ ዳኛ ምስክሮቹን በአንድነት ሳይሆን ለየብቻ እንደሚሰማ ሁሉ፣ እርሱም እያንዳንዱን ክፍል ያለ ባልንጀራው ያናግራል። ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚለውጥ ሰው አልፎ አልፎ ሥዕሉን ያጠራው ይሆናል፤ ነገር ግን ምን እንዳጠፋና ምን እንዳዳነ አያውቅም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ማለት ይህ ነው። በመሆኑም አንድ በአንድ መመርመር የጥበብ ዘዴ ብቻ አይደለም፤ የፍትሕም ዘዴ ነው። ጥፋት የሌለበትን ከጥፋት ነጻ ያወጣልና፤ ከተመርማሪዎቹም መካከል የራሱን የመርማሪውን ብየዳ ይጨምራልና።

የራሱን ብየዳ ሲመረምር ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ የጎደለ ነገር ያገኛል። መጫወቻው ከፋብሪካ ሲወጣ ሰሌዳው በስስ የብረት ሽፋን የተከበበ ነበር። ቺፑ ሲበየድ ሽፋኑ ተነሣ፤ አዲሶቹ ሽቦዎች ከሥሩ አልበቃ ሲሉ ሳይመለስ ቀረ። ዕቃው ያለ ሽፋኑም ሠራ። ሥዕል የማይሸከም፣ ድምፅ የማያወጣ፣ የማይንቀሳቀስ ቁራጭ ብረት ምን ያደርጋል? ጠጋኙ እንዲህ ብሎ ጣለው።

የዚህ ብረት ታሪክ ግን ሊታወቅ የሚገባው ነው። የቪዲዮ ጨዋታ ከመነሻው ቴሌቪዥንን ላልታሰበለት ሥራ ማዋል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 በጀርመን የተወለደውና ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ የገባው ራልፍ ቤር የመጀመሪያውን መጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲሠራ፣ ሥዕሉን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስገባው በአንቴናው በር ነበር። ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1972 ኦዲሲ ተብሎ ለገበያ ወጣ። መጫወቻዎችና የቤት ኮምፒውተሮች እየበዙ ሲሄዱ ግን እያንዳንዳቸው እንደ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ሞገድ መርጨት ጀመሩ፤ የጎረቤት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተረበሸ። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 የመረበሽን ልክ የሚወስን ደንብ አወጣ፤ አምራቾችም ሰሌዳዎቻቸውን በብረት ከበቡ። እንግዲህ ያ የተጣለው ሽፋን የውጭው ሁከት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ አልነበረም የተሠራው፤ የውስጡ ሁከት ወጥቶ ጎረቤትን እንዳይረብሽም ነበር። ጠጋኙ የጣለው በብረት የተጻፈ የጉርብትና ሕግ ነው። ሕጉን የጻፈው ሰው ስለማይታይ፣ ሕግ መሆኑ አልታወቀም።

በቀላሉ የሚጣለው ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከፋል። ይህም የመሬት ሽቦ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ግራውንድ የሚሉት። አንዲት የጨዋታ ቤት ትታሰብ። መጫወቻው ድምፁን ወደ ትልቅ አምፕሊፋየር ይልካል፤ አምፕሊፋየሩ ባለ ሦስት እግር መሰኪያ አለው፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ በጣሪያው ላይ ካለው ዲሽ ጋር በሽቦ ተያይዟል። ዲሹ በብረት ምሰሶው በኩል መሬት ይነካል፤ አምፕሊፋየሩም በሦስተኛው እግሩ መሬት ይነካል። ሁለት መሬት ሲኖር በመካከላቸው ትንሽ ልዩነት አይጠፋም። በአዋሽ ሸለቆ መስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አንድ ማሳ በሁለት ቦይ ቢያያዝና ቦዮቹ እኩል ባይሆኑ፣ ውኃው በማሳው ውስጥ አልፎ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄዱ አይቀርም። በኤሌክትሪኩም እንዲሁ ነው፤ ማሳው የሥዕሉ ገመድ ነው፣ በላዩ የሚያልፈውም ፍሰት ያ የሚያዘግመው ወፍራም ጥላ ነው።

ለዚህ ችግር አንድ አቋራጭ መድኃኒት አለ። የአምፕሊፋየሩን መሰኪያ ሦስተኛ እግር መቁረጥ። ጥላው ወዲያው ይጠፋል። ሥዕሉ እንደ ምንጭ ውኃ ይጠራል። ባለቤቱ ተደስቶ ይከፍላል፤ ጠጋኙም የጥሩ ባለሙያ ስም ያተርፋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን፣ ለአቧራው ውኃ በተረጨበት የሲሚንቶ ወለል ላይ ባዶ እግሩን የቆመ ልጅ የመሣሪያውን ብረት ሲነካ እጁን ሰብሰብ ያደርጋል።

«ጋሼ፣ ነዘረኝ እኮ!»

«እጅህ ላብ ስላለው ነው፤ ጫማህን አድርግ።»

አሁንም ዳዋ ተመታ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በብዙ የኃይል መስጫዎች ውስጥ ሁከትን ለማጣራት የተቀመጠ ትንሽ ካፓሲተር ከመብራቱ መስመር ወደ ዕቃው ብረት ጥቂት ፍሰት ያሳልፋል። የመሬቱ ሽቦ ካለ ፍሰቱ ወርዶ ይጠፋል። ከሌለ ብረቱ ላይ ይንሳፈፋል፤ የነካውን ሰው ይነዝራል። ይህ በራሱ ለመግደል የማይበቃ ማስጠንቀቂያ ነው። ነገር ግን አንድ ቀን በውስጡ ያለው መከላከያ ቢቀደድ 220 ቮልቱ ሙሉ ለሙሉ ብረቱ ላይ ይወጣል። የመሬቱ ሽቦ ቢኖር ኖሮ ፍሰቱ በእርሱ በኩል ተንደርድሮ ፊዩዙን በመታው፣ ዕቃውም በጠፋ ነበር። ሽቦው ስለሌለ ዕቃው ምንም እንዳልሆነ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ፍሰቱም ወደ መሬት የሚወርድበት ሌላ መንገድ እስኪያገኝ ይጠብቃል። ያ መንገድ ባዶ እግሩን የቆመው ልጅ ነው።

እንግዲህ ጠጋኙ ምን አደረገ? የተጠየቀውን ሠራ፤ «ሥዕሉን አጥራልኝ» ተባለ፣ አጠራ። ምልክቱን አስወገደ፤ ምልክቱ የሚናገርለትን ጥፋት ግን አላስወገደም፤ እንዲያውም ከመስኮቱ ላይ አንሥቶ በልጁ እጅ ላይ አስቀመጠው። ጥፋት ከሚታይበት ወደማይታይበት፣ ከሚያማርር ደንበኛ ወደማያውቅ ልጅ ተዛወረ። ሥዕልን ማጥራትና ጥፋትን ማጥፋት ሁለት የተለያዩ ተግባሮች መሆናቸው ከዚህ በላይ ሊገለጥ አይችልም።

ለጠጋኙ መሟገቻ የሚሆን ቃል አይታጣም፤ መደመጥም አለበት። ባለቤቱ ድኻ ነው፤ ለትክክለኛው ጥገና የሚከፍለው የለውም ይባላል። ሁሉም እንዲሁ ያደርጋሉ ይባላል። የብዙ ቤት ሶኬት ሦስተኛ ቀዳዳ እንኳ ኖሮት ከኋላው ሽቦ የለውም፤ እግሩ ቢቆረጥ ባይቆረጥ ምን ልዩነት አለው ይባላል። አደጋው ምናልባት በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ ነው፣ ረኃብ ግን በየቀኑ የሚደርስ ነው ይባላል። ይህ የመጨረሻው ቃል በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በድህነት ውስጥ ያለ ሰው ሁልጊዜ ከሁለት አደጋዎች አንዱን እየመረጠ ነው የሚኖረው፤ ከሩቅ ሆኖ ስለ ጥንቃቄ መስበክም ርካሽ ነው።

ሆኖም ምርጫውን ማን እንደሚመርጥና ዕዳውን ማን እንደሚከፍል መለየት ያስፈልጋል። ባለቤቱ በራሱ ሕይወት ላይ አደጋ ቢቀበል አንድ ነገር ነው። እዚህ ግን ትርፉ የባለቤቱና የጠጋኙ ሆኖ አደጋው የልጁ ነው፤ ልጁ ደግሞ አልተጠየቀም፣ ቢጠየቅም አያውቅም። ከሦስቱ መካከል የሚያውቀው ጠጋኙ ብቻ ነው። ዕውቀት ዕዳ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው። የማያውቅ ሰው የቆረጠው ሽቦ ስሕተት ነው፤ ያወቀ ሰው የቆረጠው ግን ውሳኔ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ደግሞ ሁልጊዜ ውድ አይደለም። መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ ማገናኘት ብዙ ጊዜ ጥላውን ያቀላል፤ ሁለቱን መሬት አንድ ያደርጋልና። የዲሹን ሽቦ ከቤቱ መሬት ጋር አንድ ላይ ማሰር ይቻላል። ያም ካልበቃ በገመዱ ላይ መለያ ትራንስፎርመር ማስገባት የመሬቱን ሽቦ ሳይነኩ የጥላውን መንገድ ይዘጋል። ከኋላዋ ሽቦ ለሌላት ቀዳዳም መልሱ እግሩን መቁረጥ ሳይሆን በቤቱ ጥግ የብረት ዘንግ በወጉ አስቀብሮ ሽቦውን ማድረስ ነው። ይህ ሁሉ ባይቻል እንኳ ለጠጋኙ የሚቀረው አንድ ነገር አለ፤ እውነቱን መናገር። «ጥላውን ላጠፋው እችላለሁ፤ ነገር ግን ልጅ ይጎዳል፤ ስለዚህ ጥላው ይቆይ» ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ደንበኛ ማጣትን ነው። ለአንዳንድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከመሬቱ ሽቦ ጋር የሚመዘነው ግን ይኸው ብቻ ነው።

ታዲያ ከመጀመሪያው ዕቃውን መክፈትና መለወጥ ኃጢአት ነበርን? እንዲህ ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ራልፍ ቤር የቴሌቪዥንን ሥራ ካልለወጠ የቪዲዮ ጨዋታ ባልኖረም ነበር። ምርቱ የቆመ ዕቃም ጠጋኝ ከሌለው በሕይወት አይቆይም፤ ሠሪው ትቶት ሲሄድ ያሳደገው ጠጋኙ ነው። በእርግጥ ቺፑ የተበየደው ተገልብጦ ለተባዛ ዲስክ ከሆነ የሌላ ሠሪ መብት ይነካል፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ባለበት አገር፣ ካሴቱ ሲባዛበት የኖረ ድምፃዊና መጽሐፉ የተገለበጠበት ደራሲ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻቸውም። ይሁንና ይህ ዕዳ ስለ ዲስኩ እንጂ ስለ መክፈቱ አይደለም። መክፈት የሰው መብት ነው። ይህ መብት ግን ከመቀመጫው የማይለይ አንድ ግዴታ አለው፤ የከፈተ ሰው የሠሪውን ሥልጣን ብቻ ሳይሆን የሠሪውን ኃላፊነትም ይወርሳል። ሠሪው ያሰበላቸውን ሁሉ፣ ሽፋኑን ሲያደርግ ያሰበውን ጎረቤትና ሦስተኛውን እግር ሲያበጅ ያሰበውን ልጅ ሳይቀር፣ ያስብላቸው ዘንድ ግዴታ አለበት።

ይህ ደንብ ከጨዋታ ቤቷ ደጃፍ ውጭም ይሠራል። የቆየ ሥርዓትን የሚያሻሽል፣ ጥንታዊ ጨዋታን ለአዲስ መድረክ የሚያዘጋጅ፣ የአባቶችን ሽምግልና በአዲስ ደንብ የሚተካ ሰው ሁሉ ክዳኑን ሲከፍት በውስጡ ሥዕል የማይሸከሙ ብዙ ቁራጮች ያገኛል። ከእነርሱ ጥቂቶቹ በእርግጥ ትርፍ ናቸው፤ መጣልም ይገባቸዋል። ጥቂቶቹ ግን ሥዕሉን ባይሸከሙም ሥዕሉ እንዳይገድል የሚያደርጉ ናቸው። አንዱን ከሌላው የሚለየው ክብደቱ ወይም ውበቱ አይደለም፤ «ይህ ከዚህ የተቀመጠው ለማን ታስቦ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄውን ሳይጠይቅ የሚጥል ሰው በጊዜው የጠራ ሥዕል ያገኝ ይሆናል፤ ጭብጨባም አያጣም። የመሬት ሽቦ ግን ለጭብጨባ አልተሠራም። ዘመኑን ሁሉ ያለ ሥራ ተቀምጦ የሚጠብቀው አንዲት ቅጽበት ናት፤ በዚያች ቅጽበትም ከቦታው መገኘት አለበት።